ሳይታተም የቀረው ግምገማ፦ የአምስት ኮከብ ንግድና በነጻ የሚላክ መጽሐፍ

ለደራስያን የመጽሐፍ ግምገማ የሚሸጥ አንድ ድረ ገጽ በ2010 መጸው በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት ተከፈተ (ቀናቱ፣ ወራቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤቱ ከዚያ በፊት መጽሐፋቸውን ራሳቸው ለሚያሳትሙ ጸሐፍት አገልግሎት በሚሰጥ ድርጅት የማስተዋወቂያ ክፍል ይሠራ ነበር። ሥራው ጋዜጦችንና የመጽሐፍ ጦማሪዎችን «ይህን መጽሐፍ እዩልን» እያለ መለማመጥ ነበር። መጽሐፉ ብዙ፣ ገምጋሚው ግን ጥቂት ሆነበት። ስለዚህ ልመናውን ትቶ ግምገማውን ራሱ አዘጋጅቶ መሸጥ ጀመረ። አንድ ግምገማ 99 ዶላር፣ 20 ግምገማ 499 ዶላር፣ 50 ግምገማ ደግሞ 999 ዶላር ነበር።

ትዕዛዙ ብቻውን ከሚችለው በላይ ሲሆንበት ክሬግስሊስት በተባለ የማስታወቂያ ድረ ገጽ ላይ ማስታወቂያ አውጥቶ ጸሐፊዎች ቀጠረ። ክፍያው በአንድ ግምገማ 15 ዶላር ነበር። ገበያው ሲደራ በወር እስከ 28,000 ዶላር ገባለት። ኒውዮርክ ታይምስ በነሐሴ 2012 ታሪኩን ሲያወጣ ድረ ገጹ ከተዘጋ ቆይቷል። እስኪዘጋ ድረስ ግን 4,531 ግምገማዎች ወጥተውበታል።

ጉዳዩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው «ገንዘብ ሲገባበት እንዲህ ይሆናል» ለማለት ነው። ገንዘብ ተቀብሎ የማያውቅ፣ ከደራሲ በነጻ የመጣለትን መጽሐፍ አንብቦ አስተያየቱን የሚጽፍ ሰው ይህን ሲሰማ እኔን አይመለከተኝም ብሎ ያልፋል። እኛ ግን በደንብ ሊያየው የሚገባው እሱ ነው እንላለን። ያ ንግድ የተበላሸው በአንድ ደንብ ነውና፣ ያው ደንብ ዛሬ በቅን ልብ በሚሠሩ የነጻ ቅጂ ገምጋሚዎች ዘንድ እንደ ጨዋነት ተቆጥሮ ይሠራበታል።

መጀመሪያ ግን የጊዜውን ሒሳብ እንይ። 80,000 ቃላት ያሉት ልብ ወለድ በደቂቃ 250 ቃል ለሚያነብ ሰው 320 ደቂቃ፣ ማለትም አምስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ማስታወሻ መያዙና መጻፉ ሲጨመር ሰባት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ለዚህ 15 ዶላር ማለት በሰዓት ሁለት ዶላር ማለት ነው። በወቅቱ የአሜሪካ ፌዴራል ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 7.25 ዶላር ነበር። በዚህ ዋጋ አንብቦ የሚጽፍ ሰው አይገኝም። አንዷ ጸሐፊ ለጋዜጣው እንደተናገረችው ባለ 50 ቃሉን ግምገማ ለመጻፍ ኢንተርኔት ላይ የተገኘው መረጃ ይበቃት ነበር። ለባለ 300 ቃሉ መጽሐፉን 15 ደቂቃ ያህል ታገላብጠው ነበር።

በነጻ ቅጂ የሚሠራውም ሰው ከዚህ ሒሳብ አያመልጥም። ሥራውና ቤተሰቡ ያሉበት ሰው በሳምንት አምስትና ስድስት ሰዓት ለንባብ ካገኘ፣ በወር ሦስት ልብ ወለድ በወጉ አንብቦ ቢጽፍ ትልቅ ነገር ነው። ስምንት የተቀበለ እንደሆነ አምስቱን አገላብጦ ነው የሚጽፈው። አገላብጦ የሚጻፍ ግምገማ ደግሞ ሁልጊዜ ወደ ውዳሴ ያደላል፤ ስለ ድክመት ለመጻፍ ገጹን ማሳየት ያስፈልጋል፣ ለማመስገን ግን የጀርባ ሽፋኑ ይበቃል። ስለዚህ ሐቀኝነቱ የሚጀምረው ስንት መጽሐፍ እቀበላለሁ በሚለው ቁጥር ነው።

ወደ ደንቡ እንመለስ። ባለቤቱ እንደገለጸው ጸሐፊዎቹ ሐሰት እንዲጽፉ አልታዘዙም። አንድ ጸሐፊ ለመጽሐፉ አምስት ኮከብ መስጠት ካልቻለ ይህንኑ እንዲናገር ይጠበቅበታል፣ ግምገማው ይቀራል፣ ግማሽ ክፍያው ግን ይከፈለዋል። እንዲህ ብሎ የመጣው ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። እንበልና ጸሐፊዎቹ ሁሉ ሐቀኞች ነበሩ፣ መጽሐፉንም ከዳር እስከ ዳር አነበቡት፣ ያልወደዱትም ሁሉ ግማሽ ክፍያቸውን ወስደው ዝም አሉ። ያን ጊዜ የታተመው እያንዳንዱ ግምገማ እውነት ይሆናል። አንባቢው ፊት የሚታየው ክምር ግን ውሸት ነው።

የዚህ ደንብ ወንድም ዛሬ እንዲህ ተብሎ ይጻፋል፦ «ከሦስት ኮከብ በታች የምሰጠውን መጽሐፍ አላትምም፤ አስተያየቴን ለደራሲው በግል እልካለሁ።» ሰው ይህን የሚጽፈው በይሉኝታ ነው። ደራሲው ዓመታት የለፋበትን ሥራ በራሱ ወጪ ልኮ፣ በትሕትና ደብዳቤ ጽፎ፣ የበሉበትን ወጭት ሰባሪ መሆን ይከብዳል። ስሜቱ የሰው ልጅ ስሜት ነው፤ በ1971 በታተመው የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዴኒስ ሪገን ሙከራ፣ ከማያውቁት ሰው አንድ ኮካ ኮላ የተጋበዙ ተሳታፊዎች ያ ሰው በኋላ ሎተሪ ሲሸጥላቸው ካልተጋበዙት እጥፍ ያህል ገዝተውለታል። ጋባዡን መውደድ አለመውደዳቸውም ብዙ ለውጥ አላመጣም። «ነጻ ቅጂ ሐሳቤን አይቀይረውም» ብሎ በራስ መተማመን አይበቃም የምንለው ለዚህ ነው። ውለታው ሳይታወቀን ይሠራል፤ የሚገታው አስቀድሞ በተቀመጠ አሠራር ብቻ ነው።

ዝምታው ምን ያህል እንደሚያዛባ ለማየት አንድ ምሳሌ በቁጥር እንሥራ። ደራሲው 40 ቅጂ ላከ፣ 25 ሰው አንብቦ ጨረሰ እንበል። አምስቱ አምስት ኮከብ፣ አምስቱ አራት፣ ስምንቱ ሦስት፣ አምስቱ ሁለት፣ ሁለቱ አንድ ኮከብ ይገባዋል አሉ። ሁሉም ቢታተም አማካዩ 3.24 ነው፤ ጥሩ ጎን ያለው ግን ሰው የሚለያይበት መጽሐፍ ማለት ነው። ከሦስት በታች የሰጡት ሰባት ሰዎች ዝም ቢሉ አማካዩ 3.83 ይሆናል። ሦስት የሰጡት ስምንቱም «መካከለኛ ነውና ምን ያደርጋል» ብለው ቢተዉት 4.5 ይደርሳል። አንድ ሰው እንኳ አልዋሸም፣ መጽሐፉም አልተለወጠም፤ ገንዘቡን አውጥቶ የሚገዛው አንባቢ ግን ስለ ሌላ መጽሐፍ ነው የተነገረው።

የኦክላሆማው ጉዳይ ይህን የሚያጠናክር ሌላ ማስረጃ አለው። በ2011 ያለ አሳታሚ መጽሐፉን ራሱ አሳትሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ የኪንድል (የአማዞን ኤሌክትሮኒክ) መጽሐፍ በመሸጥ የመጀመሪያው የተባለው ደራሲ ከዚያ ድረ ገጽ 300 ግምገማ አዝዟል። ትዕዛዙን ሲሰጥ መጽሐፉን ያልወደደ ሰው በነጻነት እንዲናገር ፈቅዶ ነበር። በዚያው ላይ ገምጋሚዎቹ መጽሐፉን ከአማዞን እንዲገዙ ጠየቀ፤ ያን ጊዜ ግምገማው «በገዢ የተጻፈ» የሚል ምልክት ይዞ ይወጣልና። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡ። «እውነቱን ጻፉ» የሚለው ቃል ተነግሯል፣ ግን ሥርዓቱ ውስጥ እውነቱን የሚጽፍ ሰው የሚያልፍበት በር የለም፤ ምልክቱ ደግሞ ክፍያውን ከአንባቢ ዓይን ይሰውራል። ደራሲ «ሐቀኛ አስተያየትህን ብቻ ነው የምፈልገው» ብሎ ሲጽፍ አብዛኛውን ጊዜ ከልቡ ነው። ቃሉ ግን ብቻውን ምንም አያስጠብቅም።

ንግዱ የፈረሰው በደንበኛ ቅሬታ ነው። ያዘዘችው ግምገማ የዘገየባት አንዲት ደራሲ አገልግሎቱን ኢንተርኔት ላይ አጋለጠች። ጎግል የማስታወቂያ ሒሳቡን አገደ፣ አማዞንም ከግምገማዎቹ የተወሰኑትን አነሳ። ሁሉም ግን አልተነሱም።

ከዚያ በኋላ ደንቡ እየጠበቀ መጣ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከታኅሣሥ 2009 ጀምሮ ሥራ ላይ ባዋለው መመሪያ፣ ዕቃ በነጻ ተቀብሎ ስለ ዕቃው የሚጽፍ ጦማሪ ግንኙነቱን በግልጽ እንዲናገር ይጠይቃል። አማዞን በጥቅምት 2016 በነጻ ወይም በቅናሽ በተሰጠ ዕቃ ምትክ የሚጻፍ ግምገማን ከራሱ ፕሮግራም ውጪ ከለከለ፤ መጽሐፍን ግን ከክልከላው ነጥሎ አስቀረ። ቅጂን ቀድሞ ለገምጋሚ መላክ የቆየ የሕትመት ልማድ ነው በሚል ነው። ሁኔታው ይህ ነው፦ ደራሲው ቅጂ መስጠት ይችላል፣ ግምገማን ግዴታ ማድረግም ሆነ በይዘቱ ላይ ተጽዕኖ ማድረግ አይችልም። የንግድ ኮሚሽኑ ከጥቅምት 21 ቀን 2024 ጀምሮ የሚሠራ ተጨማሪ ደንብ አለው፤ ጥሩ ወይም መጥፎ እንዲባል ተብሎ ክፍያ ወይም ማበረታቻ መስጠትን ይከለክላል፣ በግልጽም ሆነ በተዘዋዋሪ። ነጋዴ ዝቅተኛ ኮከብ ያላቸውን አስተያየቶች እየደበቀ የቀሩትን እንደ ሙሉ ስብስብ እንዳያሳይም ይከለክላል። ይህ የመጨረሻው የተጻፈው ለነጋዴዎች እንጂ ለግለሰብ ገምጋሚ አይደለም፤ አስተሳሰቡ ግን ከላይ የቆጠርነውን ሰባት ዝምተኛ ሰው በቀጥታ ይመለከታል።

ከዚህ ተነስተን በነጻ ቅጂ የሚሠራ ገምጋሚ ምን ያድርግ? ትልቁ ሥራ መጽሐፉ ከመከፈቱ በፊት ያለቀ መሆን አለበት። ደራሲው ሲጽፍ የሚላክለት መልስ አጭር፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ አስቀድሞ የተዘጋጀ ቢሆን ይመረጣል። ይህን ያህል ይበቃል፦

«ስለ ጥያቄዎ አመሰግናለሁ። ቅጂውን ብቀበል ለማንበብ እሞክራለሁ እንጂ ለመጻፍ ቃል አልገባም። ከጻፍኩ የወደድኩትንም ያልወደድኩትንም አሳትማለሁ፤ ዝቅተኛ ነጥብ ስለሆነ አላስቀርም። ቅጂው ከእርስዎ መምጣቱን በመጀመሪያው መስመር እገልጻለሁ። ጽሑፉን ከመታተሙ በፊት አላሳይም። በዚህ የሚስማሙ ከሆነ ቅጂውን ይላኩ፤ ካልተስማሙም ቅር አልሰኝም።»

ይህን ተቀብሎ ቅጂ የላከ ደራሲ በኋላ ቢከፋው እንኳ አልተታለለም። መልሱን አንብቦ የሚቀር ደራሲም አለ፤ ያ ለሁለቱም ወገን ጥሩ ነው። ከዘመድ፣ ከቅርብ ጓደኛ፣ አብሮ ከሚሠራ ሰው የመጣን መጽሐፍ ግን በዚህ ደብዳቤም ቢሆን ባለመቀበል ማለፍ ይሻላል። አማዞንም የቤተሰብና የቅርብ ወዳጅ ግምገማ አይፈቅድም።

«ለመጻፍ ቃል አልገባም» እና «ዝቅተኛ ስለሆነ አላስቀርም» የሚሉት እርስ በርስ የሚጋጩ ይመስላሉ። የሚያስታርቃቸው የመተው ምክንያት ነው። ጊዜ አጥቶ መተው፣ ዘውጉ የማይመጥነኝ ሆኖ በ20ኛው ገጽ መተው፣ ፋይሉ ተበላሽቶ መተው ነጥቡን አያዛቡም፤ መጽሐፉ ጥሩም ቢሆን ይደርሱበት ነበርና። መጽሐፉ ደካማ ስለሆነ መተው ግን ያው ግማሽ ክፍያው ነው። ስለዚህ መጽሐፉ ከተከፈተ በኋላ የሚጸና ገደብ ያስፈልጋል፦ 50 ገጽ፣ ወይም የመጽሐፉ አንድ አምስተኛ። ከዚያ በፊት የቆመ ሰው ምንም ሳይጽፍ ይተዋል። ከዚያ አልፎ በመጽሐፉ ድክመት የተነሳ ያቆመ ሰው ግን እስከ የትኛው ገጽ እንዳነበበና ምን እንዳቆመው በ100 ወይም በ120 ቃል ይጻፍ፤ ኮከብ ባይሰጥም ችግር የለውም። የመጀመሪያ ሥራውን ያወጣን፣ ማንም የማያውቀውን ደራሲ በረጅም ጽሑፍ መቀጥቀጥ አያስፈልግም። ለገዢው ግን ያ አጭር ማስታወሻ ትልቅ ዋጋ አለው።

ከዚህ ጋር አንድ መዝገብ ይያዝ። ዓምዶቹ የተቀበሉበት ቀን፣ ከማን፣ በምን መልክ (የታተመ፣ የኤሌክትሮኒክ ወይም ያልታረመ ረቂቅ)፣ የቆሙበት ገጽ፣ የመተው ምክንያት፣ የተሰጠው ኮከብ ናቸው። በየሦስት ወሩ ጠቅላላው ቁጥር ለአንባቢ ይቅረብ፦ ይህን ያህል ቅጂ ደረሰኝ፣ ይህን ያህል ገመገምኩ፣ ይህን ያህሉን በጊዜ ማጣት፣ ይህን ያህሉን በዘውግ ተውኩ፣ የኮከቦቹ ስርጭት ይህ ነው። በጣም ጥቂት ሰው ነው ይህን የሚያደርገው። እኛ ከማንኛውም የሐቀኝነት መሐላ በላይ እናምነዋለን። የተላኩ መጽሐፎች ሁሉ አራትና አምስት፣ በኪስ የተገዙት ግን ከአንድ እስከ አምስት የተበተኑ ሆነው ከታዩ ውለታው እየሠራ ነው፤ መዝገቡ ባይኖር ገምጋሚው ራሱም አያውቀውም ነበር።

የማሳወቂያው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ፍርድ በፊት ይቀመጥ። ከታች፣ በትንሽ ፊደል፣ «ተጨማሪ አንብብ» የሚለውን ለተጫነ ብቻ የሚታይ ከሆነ አልተነገረም ማለት ነው። አባባሉም ቀላል ይሁን፦ «ይህን ቅጂ ደራሲው በነጻ ልከውልኛል፤ ለመጻፍ አልተገደድኩም።» በጣም የተለመደው «ለሐቀኛ ግምገማ ምትክ በነጻ ያገኘሁት» የሚለው ግን ቢቀር ይሻላል። «ምትክ» ሲባል ግምገማው የቅጂው ዋጋ ነው፣ ሳይጻፍ መቅረት አይችልም ማለት ይሆናል፤ አማዞን የከለከለውም ይህንኑ ግዴታ ነው። ደራሲውን በአካል የሚያውቁት ከሆነ፣ በአንድ ማኅበር ውስጥ ከሆናችሁ፣ ስምዎ በምስጋና ገጹ ላይ ካለ፣ ያም በዚያው መስመር ላይ ይግባ። ከነጻው ቅጂ ይልቅ እነዚህ ናቸው የሚከብዱት።

የኮከቦቹ ትርጉምም ከንባቡ በፊት በጽሑፍ ይቀመጥ፤ ለምሳሌ ሦስት ማለት «ዘውጉን ለሚወድ ሰው ያነበበበትን ጊዜ የማያስቆጭ» ከተባለ፣ ለተላከውም ለተገዛውም ያው ነው። ንባቡ እንዳለቀ፣ የደራሲው ደብዳቤ እንደገና ሳይነበብ፣ የደራሲው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሳይከፈት፣ ፍርዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ነጥቡን አጠገቡ ማስቀመጥ ያስፈልጋል። በማግስቱ ጽሑፉ ሲዘጋጅ ነጥቡ ወደ ላይ ከሄደ ከመጽሐፉ ውስጥ የሆነ ምክንያት መቅረብ አለበት። «ደራሲዋ በጣም ደግ ናቸው» ምክንያት አይደለም።

የጽሑፉ ይዘት ላይ ሲመጣ፣ ውለታ የሚገባው በግልጽ ውሸት አይደለም። የሚገባው በደበዘዘ ቃል ነው። ይህን እንይ፦ «ታሪኩ ቀስ ብሎ የሚገነባ ሲሆን ገጸ ባሕርያቱ ብዙ ናቸው፤ ትዕግሥት ላለው አንባቢ የሚመች ሥራ ነው።» ገምጋሚው ማለት የፈለገው መሐሉ ይሰለቻል ነው። ያንኑ እንደሚከተለው መጻፍ ይቻላል፦ «ከምዕራፍ 6 እስከ 11 ባሉት 70 ገጾች ውስጥ ምርመራው አንድ እርምጃ አይራመድም። በዚህ መሐል አምስት አዳዲስ ሰዎች ይገባሉ፣ ሦስቱ ከዚያ በኋላ አይመለሱም። ምዕራፍ 12 ላይ እናትና ልጅ ኩሽና ውስጥ ሲጣሉ ግን ንግግሩ ሕይወት ያገኛል፣ ከዚያ እስከ መጨረሻው መጽሐፉን ማስቀመጥ አልቻልኩም።» ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ ጠንካራ ሂስ ነው፤ ሆኖም ደራሲው የሚጠቀምበት፣ አንባቢው የሚወስንበት፣ ምስጋናውም የሚታመን ይህኛው ነው። ልዩነቱ የገጽ ቁጥር፣ የሰው ብዛት፣ የትዕይንት ስም ነው። ሰባት ሰዓት ያነበበ ሰው ይህን ሁሉ በእጁ ይዟል። 15 ደቂቃ ያገላበጠው አይጽፈውም።

የደረሰው ቅጂ ያልታረመ ረቂቅ ከሆነ የፊደል ግድፈት በነጥብ አይቆጠር፤ ጥቅስ ሲወሰድም ከታተመው ጋር ይመሳከር፣ ካልሆነም ከረቂቅ የተወሰደ መሆኑ ይነገር። የታተመ መጽሐፍ ሆኖ በየገጹ ግድፈት ካለበት ግን ይጻፍ፤ አንባቢው የሚገዛው ያንኑ ነው። «ለሽያጭ የማይውል» የሚል ማኅተም ያለበትን ቅጂ መሸጥ ነውር ነው፤ ለሌላ አንባቢ መስጠት ወይም ማስቀመጥ ይቻላል።

ጽሑፉ ከወጣ በኋላ ደራሲው ሊጽፍ ይችላል። የተሳሳተ ስም፣ የተምታታ ዓመተ ምሕረት፣ ያልተባለ ነገር ተብሏል የሚል አቤቱታ ከሆነ ተመልክቶ፣ እውነት ከሆነ ማረምና የታረመበትን ቀን ከግርጌ መጻፍ ነው። «ሁለቱን ኮከብ ሦስት አድርጉልኝ፣ ወይም አንሱልኝ» የሚል ከሆነ ደግሞ መልሱ በአክብሮት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ ይዘጋል፤ ክርክሩ በአደባባይ አይቀጥልም። ከባዱ ጥሩ ግምገማ ያገኘው ደራሲ ሁለተኛውን መጽሐፉን ሲልክ ነው። ያን ጊዜ በመሐል ወዳጅነት ተፈጥሯል፣ ምናልባትም የቀደመው ግምገማ በአዲሱ መጽሐፍ ጀርባ ላይ ታትሟል። የኛ ምክር ሁለተኛውን ራስ ገዝቶ ማንበብ ነው። መግዛት ካልተቻለም ስለ መጀመሪያው መጽሐፍ የተጻፈውና በሽፋኑ ላይ የተጠቀሰው ነገር በማሳወቂያው መስመር ውስጥ ይግባ።

እስከ ዛሬ ከሦስት በታች የሆነውን በዝምታ ሲያልፍ የቆየ ሰው የድሮ ግምገማዎቹን ማንሳት አያስፈልገውም። በዝርዝሩ ራስ ላይ «እስከዚህ ቀን ድረስ በነጻ ከተላኩልኝ የወደድኳቸውን ብቻ ነበር የማትመው» ብሎ ቀኑን ጽፎ፣ በየግምገማው ላይ ቅጂው ከየት እንደመጣ ይጨምር። በግል ለደራስያን የላካቸው አስተያየቶች ግን በግል እንደተላኩ ይቆዩ። ያን ጊዜ የተገባው ቃል ዝም ለማለት ነበር፣ አዲሱ ደንብ ወደ ኋላ ተመልሶ አያፈርሰውም።